የእንግሊዝ ፈረሰኞች ልብስና የፈረሳቸው ክብር

ኮት ለብሳችሁ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ እስቲ እጃችሁን ወደ ኋላ መልሱና የኮታችሁን ጀርባ ዳስሱት። ብዙዎቻችሁ ከወገብ በታች ጨርቁ ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ። ይህ ስንጥቅ ልብስ ሰፊው ክር አልቆበት የተወው አይደለም፤ በወንበር ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው ተብሎም የተፈጠረ አይደለም። በኮርቻ ላይ ለሚቀመጥ ፈረሰኛ የተደረገ ነው። ፈረሰኛው በፈረሱ ጀርባ ላይ ሲሰየም የኮቱ ጫፍ ከበታቹ ሳይጨማደድ በግራና በቀኝ ተከፍሎ እንዲወርድለት ታስቦ የተሠራ ነው። ባለኮቱ ከፈረሱ ከወረደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስንጥቁ ግን እስከ ዛሬ ከጀርባችን ላይ አለ።

በዛሬው ንግግሬ ስለ ቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ፈረሰኞች አለባበስና ፈረሳቸውን አስጊጠው ስለሚያወጡበት ልማድ ላወሳላችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ የሩቅ አገር ጌጥ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ አደራ እላለሁ። ጌጥ መስሎ የሚታየን ነገር መነሻው አገልግሎት እንደ ነበረ፣ አገልግሎት መስሎ የሚታየንም አንዳንድ ጊዜ ከባዶ ጌጥ የከፋ ጭካኔ እንደ ነበረ፣ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ባለርስቶች ብዙውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በባላገር፣ በፈረስ ጀርባ ላይ ነበር። ስለዚህም ሐርና የወርቅ ጥልፍ ትተው ጭቃና ዝናብ የሚችል ወፍራም የሱፍ ጨርቅ መልበስ ጀመሩ። የኮቱም ፊት ለጕልበታቸው እንዳያስቸግር ከወገብ ላይ ተቈርጦ ጅራቱ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ። ከ1778 እስከ 1840 የኖረው ጆርጅ ብረመል የተባለው የሎንዶን ሰው ይህንኑ የፈረሰኛ አለባበስ አጥርቶና አሳምሮ በከተማ አዳራሽ ውስጥ ለበሰው፤ መኳንንቱም ተከተሉት። ዛሬ በዓለም ሁሉ የክብር ልብስ የሚባለው ባለጅራቱ ጥቁር ኮት ከዚህ የተወለደ ነው። እንግዲህ አዳራሹ ከጋጣው ተበደረ እንጂ ጋጣው ከአዳራሹ አልተበደረም።

የዚህ አለባበስ ዋናው ስፍራ የቀበሮ አደን ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ አራዊትን በውሾች ማሳደድ በ2004 በወጣውና በ2005 በጸናው ሕግ ተከልክሏል፤ የቀድሞው ልብስ ግን በፈረስ ትርኢትና በውድድር ሜዳ አሁንም ይታያል። በዚያን ዘመን ግን ከኅዳር ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ብዙ ፈረሰኞች በአጥርና በቦይ ላይ እየዘለሉ ይጋልቡ ነበርና ልብሳቸው እያንዳንዱ ምክንያት ነበረው። የውሾቹ አለቃና ረዳቶቹ ደማቅ ቀይ ኮት የሚለብሱት በጭጋግና በዱር ውስጥ ከሩቅ እንዲለዩ ነው። እንግሊዞች ግን ይህን ቀይ ኮት «ሮዝ» ብለው ይጠሩታል፤ ስሙ የመጣው ከአንድ ልብስ ሰፊ ስም ነው የሚለው ወሬ ቢነገርም ማስረጃ አልተገኘለትም።

በአንገታቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ረጅም ነጭ ጨርቅ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ ታስሮ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ጨርቁ አንገትን ደግፎ ከብርድ ይጠብቃል፤ ፈረሰኛው ወድቆ ክንዱ ቢሰበር ማንጠልጠያ፣ ፈረሱ በእሾህ አጥር እግሩ ቢቀደድ ፋሻ ይሆናል። መርፌ ቁልፉም ፋሻውን ያያይዛል። ቁልፉ ግን ቁልቁል ሳይሆን አግድም እንዲሰካ ደንብ ነው፤ ቁልቁል ተሰክቶ ሰውየው ቢወድቅና ቢከፈት ጫፉ ሊወጋው ይችላልና ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን «እንግሊዞች በመርፌ አሰካክ እንኳ ይመጻደቃሉ» ብሎ ይስቅ ይሆናል።

በኮርቻው ጠፍር ሥር ሁለተኛ የእጅ ጓንት ተሸጕጦ ይታያል። ይህም በክር የተሠራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የቆዳው ጓንት በረጠበ ዛብ ላይ ስለሚያንሸራትት ፈረሰኛው ይለውጠዋል። የአለንጋው እጀታ ጫፉ እንደ ከዘራ የታጠፈ ነው፤ ከፈረስ ሳይወርዱ የማሳውን አጥር በር ለመሳብና ለመዝጋት ያገለግላል። የገበሬውን በር ከፍቶ አልፎ ሳይዘጋ የሚሄድ ፈረሰኛ፣ ልብሱ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ባለጌ ይባል ነበር፤ የገበሬው ከብት በተከፈተው በር ወጥቶ ይጠፋልና።

ስለ ባርኔጣም አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። በ1849 ኤድዋርድ ኮክ የተባለ የኖርፎክ አውራጃ ቤተሰብ ልጅ፣ በርስታቸው ዱር በፈረስ የሚዘዋወሩት ጠባቂዎች የሚያደርጉት ረጅም ባርኔጣ በዛፍ ቅርንጫፍ እየተመታ ስለሚወድቅ፣ አጠር ያለና ጠንካራ ባርኔጣ እንዲሠራላቸው በሎንዶን ወዳለው የሎክ ባርኔጣ ቤት ሄዶ አዘዘ። ሥራውን የፈጸሙት ቦውለር የሚባሉ ባርኔጣ ሠሪዎች ናቸው። ኮክ ባርኔጣውን ሊረከብ በመጣ ጊዜ ወለል ላይ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ በእግሩ ረገጠው፤ አለመጨፍለቁንም አይቶ 12 ሺሊንግ ከፍሎ ሄደ ይባላል። የሎንዶን የባንክና የመንግሥት ሠራተኞች በኋላ ዘመን መለያቸው ያደረጉት ክብ ጥቁር ባርኔጣ ይኸው የዱር ጠባቂዎች ባርኔጣ ነው።

ልብስ ግን ሁልጊዜ ጠባቂ አልነበረም። የእንግሊዝ ወይዛዝርት ሁለት እግራቸውን በአንድ ወገን አድርገው በጎን ኮርቻ ይቀመጡ ነበር፤ ቀሚሳቸውም እጅግ ረጅምና ሰፊ ነበር። ፈረሱ ሲደናቀፍና ሴቲቱ ስትወድቅ ቀሚሷ በኮርቻው ቀንድ ላይ ተጠልፎ ይቀርና ፈረሱ እየጐተታት ይጋልባል። በዚህ ምክንያት ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ግን ልብስ ሰፊዎች መላ ፈጠሩ፤ ቀሚሱ በፊት ለፊት ብቻ እንደ ሽርጥ የሚሸፍን፣ ከሥሩ የግልቢያ ሱሪ ያለው፣ ሲጠለፍም ወዲያው የሚለቅ ሆነ። የሚያየው ሰው ልዩነቱን አያስተውልም፤ ሴቲቱ ግን በሕይወት ቤቷ ትገባለች። ልማዱን ሳያፈርሱ አደጋውን ማውጣት ማለት ይህ ነው።

በጎን ኮርቻ መቀመጥ እንኳ ሙያ ላለው ሰው የማይናቅ መሆኑን ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ አሳይተዋል። ንግሥቲቱ ከ1969 እስከ 1986 በየዓመቱ በሰኔ በሚደረገው የወታደር ሰልፍ ላይ በርሚዝ በተባለች ጥቁር ባዝራ በጎን ኮርቻ ተቀምጠው ይወጡ ነበር። በ1981 ሰልፉ በመንገድ ላይ ሳለ አንድ ወጣት ከሕዝቡ መካከል ስድስት ጊዜ ባዶ ጥይት ተኰሰ። ባዝራይቱ ደንግጣ ተወራጨች፤ ንግሥቲቱ ግን ዛቡን ሰብስበው፣ አንገቷን ዳብሰው አረጋጓትና ጕዟቸውን ቀጠሉ። በዚያች ደቂቃ የጠቀማቸው የልብሱ ማማር ሳይሆን ከፈረሷ ጋር የነበራቸው መተዋወቅ ነው።

ከሰው ወደ ፈረስ እንለፍ። ፈረሱ ለትርኢት ወይም ለአደን ሲወጣ ጋማው በመርፌና በክር በጥቃቅኑ ተጐንጕኖ ይሰፋል፤ የድሮዎቹ ሰዎች የጕንጕኑ ቍጥር ጐደሎ እንዲሆን ይወዱ ነበር። ይህም አንገቱን ያሳምራል፤ ጋማውም ከዛቡ ጋር እንዳይጠላለፍ ያደርጋል። በክረምት ፀጉሩ ሲበዛ በላብ ረጥቦ ብርድ እንዳይመታው ይሸለታል፤ ነገር ግን ኮርቻው እንዳያቈስለው ከኮርቻው በታች ያለው፣ እሾህና ጭቃ እንዳይጐዳውም የእግሩ ፀጉር ይቀርለታል። በጭራው ላይ ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት ፈረስ ተራጋጭ ነውና ራቁ ማለት ነው፤ አረንጓዴ የታሰረበት ደግሞ ገና ልምድ የሌለው ነውና ታገሡት ማለት ነው።

የትርኢት ዳኛም ዋጋ የሚሰጠው የሚያብለጨልጨውን ብቻ አይቶ አይደለም። የኮርቻውን ክንፍ ገልጦ ከሥሩ ያለውን ጠፍርና ስፌት ይመረምራል፤ የተበላ ስፌት በዝላይ መካከል ቢበጠስ ሰው ይሞታልና። ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ግን ዳኛ በሌለበት የሚፈጸመው ነው። ፈረሰኛው ማታ ሲመለስ ቤቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይወርዳል፤ ጠፍሩን ያላላል፤ ፈረሱ ቀዝቀዝ ብሎ እንዲገባ እየሳበ በእግሩ ይሄዳል። ከዚያም እግሩን እሾህ እንዳለበት ይዳስሳል፤ ጆሮው ሞቆና ደርቆ እንደ ሆነ በእጁ ይፈትናል። ፈረሱ ሳይጠጣና ሳይበላ ጌታው ማዕድ አይቀርብም። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ፤ ያደረሰውን ማመስገን ግን የደረሰው ሰው ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ጨለማው ወገን ልመለስ። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ የባለሠረገሎች ፈረስ ጭራ ከአጥንቱ ጋር ይቈረጥ ነበር። ጭራው ዛቡን እንዳይዝ ነው ይባል ነበር፤ ኋላ ግን ፋሽን ሆኖ ቀረ፤ ፈረሱም ዝንብ የሚከላከልበት አጣ። ይህን የከለከለው ሕግ የወጣው በ1949 ነው። ከዚህም የባሰ ሌላ ልማድ ነበር፤ ከልጓሙ ተነሥቶ በጀርባው ላይ ባለው ዕቃ የሚያዝ አጭር ዛብ ነው። ይህ ዛብ የፈረሱን ራስ ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዘው ፈረሱ ኵሩ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ዳገት ሲወጣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በኀይሉ መሳብ አይችልም፤ ትንፋሹ ይታፈናል፤ ጀርባው ይጐዳል። ባለሠረገላዋ እመቤት ከውስጥ ተቀምጣ ይህን አታይም፤ የምታየው የራሱን ቀጥ ማለት ብቻ ነው።

ይህን ያየች አና ሲዌል የተባለች ሴት ነበረች። በ14 ዓመቷ ወድቃ ቍርጭምጭሚቷን ስለ ተጐዳች ዕድሜዋን ሙሉ በሚገባ መራመድ አልቻለችም፤ የምትሄደውም በፈረስ ጋሪ ነበር። ስለዚህ የፈረስ ድካም ለእርሷ ወሬ አልነበረም። በታመመችበት አልጋ ላይ ሆና «ብላክ ቢውቲ» የተባለውን፣ ፈረስ ራሱ ሕይወቱን የሚተርክበትን መጽሐፍ ጻፈች፤ በ1877 መጨረሻም ታተመ። ያ የራስ ማንሻ ዛብ እየቀረ እንዲሄድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ግን ፍሬውን ሳታይ በሚያዝያ 1878 ዐረፈች። በቀብሯ ቀን እናቷ በመስኮት ብትመለከት የአስከሬኑን ሠረገላ የሚስቡት ፈረሶች ያንኑ ዛብ ታስረው ቆመው አየች፤ ወጥታም እንዲፈታላቸው አደረገች ይባላል።

ይህ ፍርድ በሰውም ላይ ደርሷል። በፈረስ ትምህርት ከፍተኛ ውድድር ላይ ለረጅም ዘመን የሚደረገው ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ነበር፤ ያማረ ነው፤ ከውድቀት ግን አያድንም። የዓለሙ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ2021 ጀምሮ ራስን የሚጠብቅ ቆብ ግዴታ አደረገ። ያዘኑ ነበሩ። ነገር ግን ኮክ ባርኔጣውን በእግሩ የረገጠው ለምን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ልማዱ የፈረሰ ሳይሆን ወደ ምክንያቱ የተመለሰ መሆኑን ያስተውላል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እኛም በየሥራችን የምንጠብቃቸው ብዙ ሥርዓቶች አሉን። አንዳንዱ እንደዚያ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ለክፉ ቀን ይጠቅማልና አንናቀው። አንዳንዱ እንደ ኮታችን ስንጥቅ ነው፤ ፈረሱ ባይኖርም አይጐዳም። አንዳንዱ ግን እንደዚያ አጭር ዛብ ነው፤ ከላይ ለተቀመጠው ያማረ፣ ከፊት ሆኖ ለሚስበው ግን ትንፋሽ የሚያሳጣ ነው። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ከሠረገላው ወርዶ የፈረሱን አፍ ማየት ይጠይቃል። ነገ ኮታችሁን ስትለብሱ ስንጥቁ ይህን ያስታውሳችሁ።