«ራሴን ፈለጠኝ» ስንል
(ለማኅበራችን የቢቸናና የሞጣ አባላት የጋራ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በብዙዎቻችን ቤት ስላለ፣ ግን እርስ በርሳችን ስለማንነጋገርበት ሕመም ነው። አንዲት እኅታችን ከዕቁብ ስትቀር፣ ወይም በገበያ ቀን በሯን ዘግታ፣ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ስትተኛ፣ «ሰነፈች»፣ «አኮረፈች» ትባላለች። የምታሳየው ቁስል ስለሌላት እሷም ዝም ትላለች። በነርስነት ስሠራ እንዲህ ያሉ ብዙ እናቶች አይቻለሁ።

ይህ ሕመም ስም አለው፤ ማይግሬን ይባላል። የአንጎልና የነርቭ ሕመም ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ራስ ይነሣል፣ እንደ ልብ ምት ይደልቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል፣ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል። ካልታከመ ከ4 ሰዓታት እስከ 3 ቀናት ይቆያል። አንዳንዷ ራሷን ሳያማት በፊት በዓይኗ ብልጭታ ታያለች። በቤተሰብ የሚወረስም ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ የሆርሞን ከፍና ዝቅ ማለት ስለሚቀሰቅሰው በወር አበባ ሰሞን የሚበረታባት ብዙ ናት።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት፣ በአገራችን ከ100 አዋቂዎች 18 ያህሉን በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደሚያማቸው አሳይቷል። ስለዚህ ብቻዬን ነኝ የምትል እኅት ካለች፣ ብቻዋን አይደለችም።

ምን እናድርግ? መጀመሪያ የሚቀሰቅስብንን እንወቅ። አንዷን ረኃብ፣ ሌላዋን እንቅልፍ ማጣት፣ ፀሐይ፣ የምድጃ ጭስ ወይም የለመዱት ቡና መቅረት ይቀሰቅስባታል። ሕመሙ የያዘንን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ እናመልክት፤ ፊደል ያልቆጠረች በግድግዳዋ ላይ በከሰል ትጭረው። ሦስት ወር ከተመዘገበ ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው። ጾም የሚቀሰቅስባት ክርስቲያን የንስሐ አባቷን፣ ሙስሊም እኅታችንም የሃይማኖት አባቷን ታማክር፤ ለታመመ ሰው መላ አለው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት ሕመሙ እንደጀመረ ይወሰድ። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል፤ ጠንክሮ ካቅለሸለሸ በኋላ ግን በደንብ ላይሠራ ይችላል። እርጉዝ፣ ወይም የጨጓራና የኩላሊት ሕመም ያለባት አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳታማክር አትውሰድ። ዳማከሴ የምታሸት፣ ጸበል የምትጠመቅም የሐኪሟን መድኃኒት አታቋርጥ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ይህን ነው፤ ማስታገሻ በየቀኑ አንዋጥ። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወሰድ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚያስፈልጋት እኅት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ቢቸናና ሞጣ ሆስፒታሎች ትሂድ። ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይመጣ የሚያደርጉ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ሐኪም ያዝዛቸዋል፤ አስም ያለባት ፕሮፕራኖሎል አትወስድም። ብልጭታ የምታይ እናት ደግሞ የወሊድ መከላከያ ስትመርጥ ይህንኑ ትናገር። ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል በእሷ ላይ የስትሮክ አደጋን ይጨምራል፤ በክንድ የሚቀበረውና የሦስት ወሩ መርፌ ግን ኢስትሮጅን የለባቸውም።

ቤት የማይታለፍ ራስ ምታትም አለ። በድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ ግማሽ አካልን የሚያሰንፍ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የተነሣ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ዓይንን እያደበዘዘ የሚመጣ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል!

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዕድር ለቀብር እንደሚደርስ ሁሉ፣ እኛም ለታመመችው እንድረስ። አንዷ ውኃ ትቅዳላት፣ አንዷ ልጆቿን ታብላ፣ አንዷ የዕቁቧን ገንዘብ ታድርስላት። እሷ በጨለማና በጸጥታ ትረፍ። ከዚያም «ሰነፈች» የሚል ሰው ሲገኝ፣ «አይደለም፣ ማይግሬን ነው» የምንል እንሁን።