የነርስነት ሙያና የሥራ ፈቃድ አስፈላጊነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት አርእስት ስለ ነርስነት ሙያ፥ በተለይም ነርስ ሆኖ ለመሥራት ስለሚያስፈልገው ፈተናና የሥራ ፈቃድ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ይህ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፤ ለበዓል ቀን ምን ይስማማል?» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ያወቅሁት በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በገዛ ቤታችን ውስጥ ስለ ሆነ ከዚያው ልጀምር። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ታናሽ ወንድሜ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ኀይለኛ ትኩሳት ያዘው። እኔ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጊዜው ክረምት፥ ሰዓቱም ሌሊት ስለ ነበረ ጤና ጣቢያ ለመድረስ አልተቻለም። በሰፈራችን መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው ነበረ። ይህ ሰው በአንድ ሐኪም ቤት በተላላኪነት ሲሠራ ነርሶች ሲወጉ እያየ መውጋት የለመደ ነው እንጂ የነርስነት ትምህርት አልተማረም። በተጠራ ጊዜ ሳይታክት በዝናብ መጣ። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነበርሁ። ልጁን መቀመጫው ላይ ወጋው፤ ትኩሳቱም እስኪበርድ ድረስ ከእኛ ጋራ ቁጭ ብሎ ዐደረ፤ ከመድኃኒቱ ዋጋ በቀር ምንም አልተቀበለም። እናቴም መርቃ ሸኘችው።

ወንድሜ ከትኩሳቱ ዳነ፤ ነገር ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የግራ እግሩን ይጎትታል። በኋላ ጤና ጣቢያ በወሰድነው ጊዜ አንዲት ነርስ ነገሩን አስረዳችን። በመቀመጫ ውስጥ አልፎ ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። መርፌ በእርሱ ላይ ወይም በአጠገቡ ያረፈ እንደ ሆነ እግር ሊሰንፍ ይችላል። ስለዚህም ለትንሽ ሕፃን በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ብዙውን ጊዜ የሚወጋው በጭኑ የውጭ ጎን ነው። ይህን ለመማር ረጅም ጊዜ አይፈጅም ነበር።

ይህን የምናገረው ያን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ እናቴንም አስፈቅጃታለሁ። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ክፉን ሰው ማንም ወደ ቤቱ አይጠራውምና። ልቡ ደግ ነበረ፤ እጁ ግን አያውቅም ነበረ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በሌሊት የተጨነቀች እናት፥ የመጣላት እጅ የሚያውቅ መሆን አለመሆኑን በምን ትለየዋለች?

ይህ ጥያቄ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት በ1854 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶች አስከትላ በቱርክ አገር ስኩታሪ ወደሚባለው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ሄደች። ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያስታውሷት ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል ስትመላለስ ነው። ነገር ግን በዚያው የብርድ ወራት ወታደሮቹ እጅግ በብዛት ሞቱ። የገደላቸውም ከጥይቱ ይልቅ ተቅማጥ፥ ኮሌራና ተስቦ ነበረ። ሞቱ በጣም የቀነሰው በ1855 ዓ.ም. ከመንግሥት የተላኩ የጽዳት መርማሪዎች የቆሻሻውን ቦይ ካስጠረጉና ለክፍሎቹ አየር ካስገቡ በኋላ ነው። ናይቲንጌልም ይህን ተረድታ የሟቾቹን ቍጥር በመዘርዘርና በሥዕል በማሳየት ለመንግሥቷ አስረዳች። በ1860 ዓ.ም. በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ያቋቋመችው፥ ርኅራኄ ያለ ትምህርት እንደማይበቃ ስላወቀች ነው።

ሆኖም ስለ ምዝገባ ጉዳይ ናይቲንጌል ራሷ ተቃዋሚ ነበረች። ኤተል ፌንዊክ የተባለች ነርስ ከጓደኞቿ ጋራ በ1887 ዓ.ም. ማኅበር አቁማ፥ ነርስ ሁሉ ተፈትና ስሟ በመዝገብ ይጻፍ ብላ በተነሣች ጊዜ፥ ናይቲንጌል ፈተና እውቀትን እንጂ ጠባይን አይመዝንም በማለት ተከራከረች። ክርክሩ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። በዚህ መካከል ኒው ዚላንድ ቀድማ በ1901 ዓ.ም. ሕግ አወጣች፤ ሕጉም የሦስት ዓመት ትምህርትና የመንግሥት ፈተና የሚጠይቅ ነበረ። በ1902 ዓ.ም. ኤለን ዶኸርቲ የተባለችው ነርስ በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ ሆና ተጻፈች። በእንግሊዝ አገር ሕጉ የወጣው በዲሴምበር ወር 1919 ዓ.ም. ሲሆን፥ በተከፈተው መዝገብ ላይ ቍጥር 1 ሆና የተጻፈችው ያችው ፌንዊክ ናት።

ይህ የእንግሊዝ ሕግ ከአገራችን ታሪክ ጋራ ይገናኛል። ሕጉ በወጣበት በዚያው በ1919 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ተወለደች። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከወላጆቿ ጋራ በ1936 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደች፤ እዚያም በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ልትማር ገባች። በ1939 ዓ.ም. ትምህርቷን ጨርሳ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈች የሕፃናት ነርስ ሆነች። ልብ በሉ፤ ያ መዝገብ የማን ልጅ ነሽ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ተምረሻል ወይ፥ ተፈትነሽ አልፈሻል ወይ ብሎ ነው። ልዕልት ፀሐይ ወደ አገሯ ተመልሳ በ1942 ዓ.ም. በነቀምት በ22 ዓመቷ ዐረፈች። ለመታሰቢያዋ በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል በ1951 ዓ.ም. ተከፍቶ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ከጤና መኮንኖችና ከጽዳት ባለሙያዎች ጋራ ለየሕዝቡ መንደር የሚሆኑ ነርሶችን ማስተማር ጀመረ።

አሁን ወደ ሙያው ልመለስ። አጎቴ ነርስ ለመሆን ማሰቤን በሰማ ጊዜ «እስከ 12ኛ ክፍል ተምረሽ የሰው ቁስል ለማጠብ ነው ወይ?» አለኝ። አጎቴን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ቁስል ማጠብም ቢሆን እውቀት ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ሐኪም በሽተኛውን ጐብኝቶ ይሄዳል፤ ነርስ ግን ሌሊትና ቀን ከአጠገቡ አትለይም። የልቡን ምት፥ ትንፋሹን፥ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን እየለካች ትጽፋለች፤ ነገሩ ሲለወጥ ቀድማ የምታየው እርሷ ናት። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት አምስት ነገሮችን ታረጋግጣለች፤ በሽተኛው እርሱ ነውን? መድኃኒቱ እርሱ ነውን? መጠኑ ልክ ነውን? የሚሰጥበት መንገድ ትክክል ነውን? ሰዓቱስ ደርሷልን? ሐኪሙ ተሳስቶ ከልክ ያለፈ መጠን ጽፎ ቢገኝ ዝም ብላ መስጠት አይገባትም፤ ቆማ መጠየቅ ግዴታዋ ነው። ስለዚህ ነርስ የሐኪም አሽከር ሳትሆን የራሷ ኀላፊነት ያላት ባለሙያ ናት። እንዲሁም ከተማረችው ወሰን አታልፍም፤ የማታውቀውን አላውቅም ብላ ለሚያውቅ ታስተላልፋለች።

የሥራ ፈቃድም የሚጠይቀው በአጭሩ አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ በታወቀ ትምህርት ቤት መማርና በሆስፒታል ውስጥ በአስተማሪ ፊት ሥራውን መለማመድ። ሁለተኛ፥ መፈተን፤ በአገራችን ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ከኮሌጅ የሚወጡ ነርሶች የጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን ብሔራዊ የሙያ ብቃት ፈተና ይፈተናሉ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ነርስም በአገሩ ሲሠራ የኖረ ቢሆን እንኳ፥ እዚያ በነርስነት ለመሥራት የዚያን አገር ፈተና ማለፍ አለበት። ሦስተኛ፥ በመዝገብ ተጽፎ ፈቃዱን በየጊዜው ማሳደስ፤ ሕክምና ስለሚለወጥ የዛሬ ዐሥር ዓመት የተማረ ሰው ትምህርቱን መቀጠል አለበት። አራተኛ፥ መጠየቅ፤ ፈቃድ የሰጠ አካል ጥፋት ሲገኝ ሊያግድና ሊነጥቅ ይችላል። የሰፈራችንን ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል? ምን የሚነጠቅ ነገር አለው?

በክፍላችን በዚህ ጉዳይ ስንከራከር አንድ ጓደኛዬ «ደጉ ሳምራዊ የሥራ ፈቃድ ነበረውን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው መልካም ስለ ሆነ ብዙ አሰብሁበት። በመንገድ የወደቀን ማንሣት፥ ደም የሚፈሰውን ማሰር የሁላችንም ግዴታ ነው፤ ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም። መርፌ ይዞ ወደ ሰው ገላ መግባት ግን ሌላ ነው። ሳምራዊውም ቢሆን ቁስለኛውን ወደ ማደሪያ አድርሶ በገንዘቡ አስታመመው እንጂ የማያውቀውን አልሞከረበትም።

ይህን መልስ የተማርሁት ግን በክርክር አይደለም። በዚህ ዓመት እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ከመድኃኒት ቤት የገዙትን መርፌ ይዘው ወደ እኔ መጡ። በትምህርት ቤታችን የቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ርዳታ መማሬን ሰምተው ኖሮ «ልጄ፥ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይህች ምን ትከብድሻለች?» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። መታመን ደስ ያሰኛል። እጄን ልዘረጋ ስል ወንድሜ በግቢው ውስጥ ሲያልፍ የእግሩን ድምፅ ሰማሁ። «እትዬ፥ አልችልም፤ ጤና ጣቢያ ላድርስዎ» አልኋቸው። ተቀየሙኝ፤ ለመሄጃ ያወጡትንም ገንዘብ አልረሱልኝም፤ ሁለት ሳምንትም ሰላምታዬን አልመለሱም። ያን ጊዜ ያ ሰው በዚያ ሌሊት አልችልም ማለት እንዴት እንደ ከበደው ገባኝ። ሰው ለምኖህ፥ ልብህም ራርቶ፥ አላውቅም ማለት ከባድ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው የሚያውቀውን ለመሥራት መብት ያገኛል፤ የማያውቀውንም እምቢ ለማለት ብርታት ያገኛል።

ናይቲንጌል ስለ ጠባይ የተናገረችው እውነት ነው። የዓለም አቀፍ የነርሶች ምክር ቤትም በ1953 ዓ.ም. የሥነ ምግባር ደንብ ማውጣቱ ፈተና ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ፈቃድ የያዘ ሰነፍ፥ ፈቃድ የያዘ ቍጡ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ደግነትን ከቤት ይዘነው እንመጣለን፤ እውቀትን ከትምህርት ቤት እናገኛለን፤ ሁለቱ መገናኘታቸውን ለማያውቀን በሽተኛ የሚመሰክርለት ፈቃዱ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምለምነው ይህን ነው። ልጃችሁን ለሚወጋ ሰው ከማመስገናችሁ በፊት የት እንደ ተማረና ፈቃድ እንዳለው ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጓደኞቼ ሆይ፥ ነርስነትን የምትመርጡ ሁሉ ፈተናውን እንደ ጠላት አትዩት።

ወንድሜ ዛሬ የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጧል። ለዚህ በዓል ከቤት እስከዚህ በእግሩ መጥቷል። እኔም ትምህርቴን ፈጽሜ ስሜ በመዝገብ በተጻፈ ጊዜ ፈቃዴን አስቀድሜ የማሳየው ለእርሱ ነው።