ዕዳ የሌለበት ድርጅት ዋጋው እንዴት ይገመታል?



በዳባትና በወገራ ደጋ አንድ ገበሬ የገብስ ማሳውን በወለድ አገድ ቢያሲዝ፣ አበዳሪው በወለድ ፈንታ አዝመራውን ይበላል። ማሳው ግን ስለ ተያዘ ምርቱ አይጨምርም፤ አይጎድልምም። የተለወጠው ሰብሉ የሚገባበት ጎተራ ብቻ ነው። የኩባንያም ዋጋ ከዚህ ማሳ እምብዛም አይርቅም።

በ2012 እ.ኤ.አ. በጎንደሩ ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ዱዌት የተባለ የለንደን ኩባንያ ድርሻ ገዛ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ ሸጠ። እንዲህ ባለው ሽያጭ የግምት ስሕተት ከፊርማ በኋላ አይታረምም።

በመጀመሪያ ድርጅቱ አንዲት ሳንቲም እንዳልተበደረ ይቆጠራል። አንድ ፋብሪካ ለመሣሪያ እርጅና የሚገባውን ቀንሶ፣ ወለድ ሳይነካ፣ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ብር ያተርፋል እንበል። ከ30 በመቶ የትርፍ ግብር በኋላ 7 ሚሊዮን ይቀራል። ትርፉ እንዲሁ የሚዘልቅ ቢሆን፣ ባለገንዘቡም ዕዳ ከሌለበት ሥራ በዓመት 20 በመቶ የሚጠብቅ ቢሆን፣ 7 ሚሊዮኑ ለ0.20 ተካፍሎ 35 ሚሊዮን ብር ይሆናል።

ብዙዎች ግን ወለዱን አስቀድመው ይቀንሳሉ። ፋብሪካው 10 ሚሊዮን በ15 በመቶ ቢበደር፣ ከወለድና ከግብር በኋላ የሚተርፈው 5.95 ሚሊዮን ነው፤ ይህም ለ0.20 ሲካፈል 29.75 ሚሊዮን ይመጣል። ገማቹ ከዚህ ላይ ዕዳውን ደግሞ ካነሣ 19.75 ሚሊዮን ይቀራል፤ አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ አስከፈለ ማለት ነው።

ሞዲግሊያኒና ሚለር የተባሉት ሊቃውንት በ1958 እ.ኤ.አ. ግብር ባይኖር ዕዳ የድርጅትን ዋጋ እንደማይለውጥ አስረዱ። በ1963 ግን ወለድ ግብርን ስለሚያቃልል የሚገኘውን ጥቅም ጨመሩበት። በምሳሌያችን ጥቅሙ የ10 ሚሊዮን 30 በመቶ፣ 3 ሚሊዮን ነው፤ ድርጅቱ 38 ሚሊዮን፣ የባለቤቶቹም ድርሻ 28 ሚሊዮን ይሆናል። (ይህ ብድሩ ለዘለዓለም ከቆየ ነው፤ እንዲህ የሚታገሥ ባንክ ግን አይገኝም።)

አስቸጋሪው 20 በመቶው ነው። 25 ቢባል 35 ሚሊዮኑ ወደ 28 ሚሊዮን ይወርዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ መድረሱን የሚያስታውስ ገዢ 25ቱን ይመርጣል፤ ሻጩም ገበሬው ዛሬም ገብሱን እየዘራ ነው ብሎ ይከራከረዋል።