የወጪ መጋራት ውልና የቆሼ ልጅ

አንደኛ አቅራቢ፦ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ያስገድዳል። ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። በቆሼ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ለሚኖርና የሚያስይዘው ንብረት ለሌለው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ብድር ከየት ይመጣል?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ቤት ሳያስይዙ መማር ትልቅ ነገር ነው። ተማሪው የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል የሚሸፍነው ግን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ከቆሻሻ ክምሩ ፕላስቲክና ብረት እየለቀመ ቤቱን የሚደጉም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያ ገቢ ይቀራል፤ የአውቶቡስ፣ የፎቶ ኮፒና የሳሙና ገንዘብም ከዚያው ቤት ይጠበቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ አገር ሁሉ ያየው ይህንኑ ድህነት ነው። ደንቡ ግን የሀብታምና የድሃ ልጅ አይለይም፤ እንዲያውም ቀድሞ መክፈል ለሚችለው ቅናሽ አለው።

አንደኛ አቅራቢ፦ በገቢ እንለይ ከተባለ ድሃ ነኝ ባይ ይበዛል። ማን ያጣራል?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ወረዳው! ድሆችን ለሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ሲመረጡ የሰፈሩ ሰው ተሳትፏል፤ መዝገቡም አለ። በዚያ መዝገብ ላሉ ቤተሰቦች ልጆች ወርሃዊ የኪስ ገንዘብ ይመደብ፣ ዕዳቸውም ይቀነስ።