የራዲዮአክቲቭ ካርቦን ጉዞ በአፈር፣ በአየርና በዕፅዋት መካከል



የካርቦን 14 ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 5,730 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለሆነም ከመሬት በታች የተቀበረ የኑክሌር ዝቃጭ ከብዙ ዘመን በኋላ ጋዝ ቢያመነጭ፣ ምን ያህሉ ከሰው ማዕድ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማስላት የመሐንዲሱ ግዴታ ነው።

በሚቴን መልክ የሚወጣውን ጋዝ የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል፤ ይህም ወደ አየር ሲወጣ ቅጠል ይወስደዋል። ተክል በሥሩ የሚስበው ካርቦን እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ የስሌቱ ቁልፍ በአዝመራው መካከል ያለው አየር ነው። አየሩን ፈጽሞ የረጋ የሚያደርግ ሞዴል አደጋውን ያጋንናል፤ ነፋሱን ከልክ በላይ የሚያበረታ ደግሞ ይሸሽገዋል።

ለዚህ መፈተኛ አለን። በከባቢ አየር የተካሄዱት የኑክሌር ሙከራዎች የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ካርቦን 14 እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ እጥፍ አድርሰውት ነበር። ከ1963ቱ የእገዳ ስምምነት በኋላ መጠኑ የቀነሰው ጨረሩ ስላለቀ አልነበረም፤ ውቅያኖስ፣ ዕፅዋትና አፈር ስለተካፈሉት እንጂ። አሻራውም በዛፎች ዓመታዊ ቀለበት ተመዝግቦ ይገኛል። ይህን የታወቀ ታሪክ መልሶ ማስላት ያልቻለ ሞዴል ስለ መጪው ሺህ ዓመት ሊመሰክር አይገባውም።