አርጆ ላይ ጎማ ስቀይር

ተረኛው አንተ ነህ ተብያለሁ፤ አላስረዝምም። በተመረቅን በዓመቱ ታማሚ አክስቴን ነቀምቴ ሆስፒታል ላደርስ ከአርጆ ስንነሳ የፊት ጎማው ተነፈሰ። መካኒካል ተምሬ ጎማ ፈትቼ አላውቅም፤ ሳቁ እንጂ! የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ለኋላው ጎማ ድንጋይ ታኮ አደረግኩ። መኪናው በክሪክ ከተነሳ ጎማው አብሮ ስለሚዞር ቡሎኖቹን መሬት ላይ እያለ አላላሁ። አንዱ እምቢ አለ። አክስቴ ታቃስታለች። አንድ ገበሬ አባት የብረት ቧንቧ አምጥተው መፍቻው እጀታ ላይ ሰኩት። ሰሌዳ ላይ የጻፍነው ቶርክ ይሄው ነው፦ ክንዱ ሲረዝም የማዞር ኃይሉ ይበዛል። ቡሎኑ ጮኾ ተፈታ። «ገለቶማ!» አለች አክስቴ ከውስጥ። ስኮርታውን ገጥሜ፣ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ እያፈራረቅኩ አጠበቅሁ። ነቀምቴ ሳይመሽ ገባን። ጎሚስታ የፈለግኩት እሷ አልጋ ከያዘች በኋላ ነው።