ዘሯ ጠባቂ ትሻለች



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰብን እናቶች፣ ከልጆቻችን ጋር ስላየነው «ሎራክስ» ስለተባለው የካርቱን ፊልም ጥቂት እንበላችሁ።

ታሪኩ አሜሪካዊው ዶክተር ስዩስ እ.ኤ.አ. በ1971 ለልጆች ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ፊልሙ የወጣው በ2012 ነው። አንድ ወጣት ከዛፍ ጫፍ በሚለቀም ለስላሳ ነገር ልብስ ይሠራል። ዛፎቹን ላለመቁረጥ ለጠበቃቸው ለሎራክስ ቃል ይገባል። ገበያው ሲደራ ግን የገዛ እናቱ ለቀማው ጊዜ ይፈጃልና ቁረጥ ትለዋለች። ደኑ ያልቃል። ከተማው የፕላስቲክ ዛፍ ይተክላል፤ ንጹሕ አየር በገንዘብ ይሸጣል። በመጨረሻ የቀረችው አንዲት ዘር ለአንድ ልጅ ትሰጣለች።

ልጆቻችን ፊልሙን ወደዱት። ጥያቄያቸው ግን ከበደን። እናቱ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ የምታሳድገው ልጅ «እማዬም ዛፍ ትጎዳለች?» ቢል ምን እንመልስለት?

የምንለው ይህን ነው። ያ ሰው የቆረጠው ትርፉ እንዲበዛ ነው፤ ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባዋ የምትሸከም እናት ግን የዕለት ሽሮዋን ፍለጋ ነው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አገር በቀሉ ጽድ ግን ከተቆረጠ አይመለስም። ስለዚህ እናቲቱን አንወቅሳትም፤ ደኑም ይለቅ አንልም።

ዘር ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ አንሄድም። ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዘሩ ቢተከልም ጠባቂ ባያገኝ ኖሮ ደኑ ለእኛ ባልደረሰ ነበር።

ጠባቂ ደግሞ መብላት አለበት። በእንጦጦ ሥር የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ተደራጅተው ወደ ሽመና ዞረዋል። ሸክም የሚቀረው በምክር ሳይሆን ሌላ እንጀራ ሲገኝ መሆኑን ከእነሱ ተምረናል።

አጋሮቻችን ሆይ፣ ችግኝ ስትሰጡን እሰየው እንላለን። ከችግኙ ጋር ግን የሥራ መነሻ ይሆነን ዘንድ በቁጠባችን ላይ ጨምሩልን። እንጨት መሸከም የተወች እናት ለችግኙ ከማንም የተሻለች ጠባቂ ናት።

እህቶቻችን፣ እናንተም ፊልሙን ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። ሲያልቅ የእናንተን ታሪክ ንገሯቸው፤ ከእናታቸው ጀርባ ምን እንዳለ ከእናንተው አፍ ይስሙ።